አጓጓዥ ወይስ የመረጃ አገልግሎት? የኔትወርክ ገለልተኛነት ክርክር ሲብራራ

ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 መቀመጫውን ሲንሲናቲ ከተማ ያደረገው የአሜሪካ ስድስተኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአገሪቱን የመገናኛ ዘርፍ የሚቆጣጠረው የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ያወጣውን የኔትወርክ ገለልተኛነት ደንብ፣ ማለትም አቅራቢዎች በመስመራቸው የሚያልፈውን መረጃ እንዳያበላልጡ የሚከለክለውን ደንብ፣ ሻረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ቀድሞ አግዶት ስለነበር አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም።

ጉዳዩን በሩቁ የሚከታተል ሰው ዳኞቹ «ድረ ገጽ መዝጋት ይቻላል» ብለው የፈረዱ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ አላሉም። የመለሱት አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፦ ኢንተርኔትን ቤት ድረስ የሚያደርሰው ድርጅት በሕግ ዓይን ምንድን ነው? ክርክሩን ለመረዳት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የገለልተኛነት ደንቡ ራሱ ነው። ሁለተኛው ደንቡን ለማውጣት ሥልጣን የሚሰጠው የሕግ ምድብ ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት እውነተኛው ትግል የነበረው በሁለተኛው ላይ ሆኖ ሳለ አደባባይ ላይ የሚወራው ግን ስለ መጀመሪያው ነው።

ገለልተኛነት ምን ይከለክላል? ምንስ አይከለክልም?

መጠሪያውን በ2003 ያስተዋወቀው የሕግ ምሁሩ ቲም ዉ ነው። ሐሳቡ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢ በመስመሩ የሚያልፈውን መረጃ ከማን እንደመጣና ምን እንደያዘ እያየ ማበላለጥ የለበትም የሚል ነው። ኤፍሲሲ በ2015 እና በ2024 ያወጣቸው ደንቦች ይህን በሦስት ክልከላዎች አስቀመጡት። ሕጋዊ የሆነን ይዘት ወይም መተግበሪያ መዝጋት አይቻልም። ሆን ብሎ ፍጥነቱን መቀነስ አይቻልም። ከአንድ ድርጅት ገንዘብ ተቀብሎ የእሱን መረጃ ከሌሎች ማስቀደምም አይቻልም።

ያልተከለከለው ነገር ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አቅራቢው 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚሰጠውን ጥቅል በአንድ ዋጋ፣ 1 ጊጋቢት የሚሰጠውን ደግሞ በሌላ ዋጋ መሸጥ ይችላል፤ የሚበላለጠው የደንበኛው መስመር እንጂ የሚጎበኘው ድረ ገጽ አይደለም። በወር የሚፈቀድ የዳታ መጠን መወሰንም ይችላል። የኔትወርክ ጥቃትንና ቫይረስን መከላከል፣ መስመር ሲጨናነቅ ምክንያታዊ በሆነ መንገድ ማስተዳደር፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሕገወጥ ይዘትን ማቋረጥ ሁሉም የተፈቀዱ ናቸው። ደንቡ ለወርሃዊ ክፍያም ጣሪያ አላስቀመጠም።

አቅራቢው በመስመሩ ላይ ምን ማድረግ ይችላል?

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። ግንባሩ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ስለሚይዝ በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ወዴት እንደሚመሩት ከዚያ ያነባሉ። አብዛኛው ድረ ገጽ ዛሬ የተመሰጠረ ነው፤ ቢሆንም ግንኙነቱ ሲጀመር የድረ ገጹ ስም ብዙውን ጊዜ ሳይመሰጠር ያልፋል። አቅራቢው የሚያነቡትን ባያይም የት እንደገቡ ያውቃል ማለት ነው። ለማበላለጥ ይህ ይበቃዋል።

ማበላለጥ ከፈለገ መንገዶቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በተግባር ታይተዋል። ቀላሉ ፓኬቱን መጣል ነው። በ2005 ማዲሰን ሪቨር የተባለ የስልክ ኩባንያ ቮኔጅ የተሰኘው የኢንተርኔት ስልክ የሚጠቀምባቸውን መተላለፊያዎች ዘግቶ ተገኘ። ራሱ የስልክ አገልግሎት ይሸጥ ስለነበር ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ለኤፍሲሲ 15,000 ዶላር ከፍሎና መዝጋቱን ለማቆም ተስማምቶ ጉዳዩ ተቋጨ።

ሁለተኛው መንገድ ግንኙነቱን በሐሰት መልእክት ማፍረስ ነው። በ2007 ኮምካስት የተባለው የኢንተርኔት አቅራቢ ቢትቶረንት በሚባለው የፋይል መጋሪያ ላይ ያደረገው ይህንን ነበር። የሁለት ተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች ፋይል ሲለዋወጡ የኩባንያው መሣሪያ መሀል ገብቶ ለሁለቱም «ግንኙነቱ ይቋረጥ» የሚል ፓኬት ይልክ ነበር፤ መልእክቱ ከወዲያኛው ወገን የመጣ እንዲመስል ተደርጎ። ተጠቃሚው የሚያየው ሳይታወቅ የሚቆም ፋይል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማዘግየት ነው። የመረጃ ማስተላለፊያ ሥርዓቱ (ቲሲፒ) አንድ ፓኬት ሲጠፋበት «መስመሩ ተጨናንቋል» ብሎ ይደመድምና የሚልክበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በተለመደው አሠራር በግማሽ። ስለዚህ አቅራቢው ከአንድ ምንጭ ከሚመጡት ፓኬቶች ጥቂቱን ብቻ ቢጥል ላኪው በራሱ እጅ ይዘገያል። የሞባይል ኩባንያዎች ቪዲዮን በ1.5 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ሲገድቡ የምስሉ ጥራት ወደ 480 ፒ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የቪዲዮ መተግበሪያው የመስመሩን ፍጥነት ለክቶ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ተመልካቹም ጥፋቱን ከመተግበሪያው ይቆጥረዋል።

አራተኛው ለመያዝ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው፤ ምንም አለማድረግ። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ የኮምካስት ደንበኞች ኔትፍሊክስ እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ፓኬት የጣለ ማሽን አልነበረም። የኔትፍሊክስን ቪዲዮ የሚያመጡት ኩባንያዎችና ኮምካስት የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች ሞልተው ነበር፤ የማስፋቱን ወጪ ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ግን ስምምነት አልነበረም። ፌብሩዋሪ 2014 ኔትፍሊክስ ኮምካስትን ከፍሎ በቀጥታ ሲገናኝ ፍጥነቱ ወዲያው ተስተካከለ። አንዱ ወገን «ይህ መቀጫ ነው» አለ፤ ሌላው «ከአቅም በላይ መረጃ የሚልክ ኩባንያ የመንገዱን ወጪ ይጋራ» አለ። በመስመሩ ውስጥ ማበላለጥን የሚከለክል ደንብ የመስመሩ መግቢያ ላይ ለሚሆነው ነገር በቂ መልስ የለውም፤ የ2015ቱ ደንብም መጋጠሚያን በተመለከተ ቅሬታ ሲቀርብ ጉዳይ በጉዳይ እመለከታለሁ ከማለት አላለፈም።

ቅድሚያ መሸጥ ምን ችግር አለው?

በቁጥር እንየው። 10 ጊጋቢት በሰከንድ የሚያስተላልፍ መስመር አለ እንበል። በዚያ ቅጽበት የሚያልፍበት 6 ጊጋቢት ብቻ ከሆነ የሚሰለፍ ፓኬት የለም፤ ሁሉም እንደመጣ ያልፋል። ቅድሚያ የገዛው ካልገዛው የሚለየው ነገር የለውም። አሁን 11 ጊጋቢት መጣ እንበል። ራውተሩ ትርፉን ለጥቂት ጊዜ ያሰልፋል፤ ሰልፉ ሲሞላ መጣል ይጀምራል። ሁሉም እኩል ቢታዩ እያንዳንዱ ከሚልከው ወደ 9 በመቶ ያጣል። ከ11ዱ 4ቱ ቅድሚያ የተገዛላቸው ከሆኑ ግን እነሱ ምንም ሳያጡ ያልፋሉ፤ ለቀሩት 7 ጊጋቢት የሚተርፈው 6 ጊጋቢት ብቻ ነው፤ ኪሳራቸውም ከ14 በመቶ ይበልጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የአንዱ መቅደም የሌላው መዘግየት ነው፤ በተጨናነቀ መስመር ላይ ማንንም ሳይጎዳ የሚሰጥ ቅድሚያ የለም። ደግሞም ቅድሚያ ገበያ የሚኖረው መጨናነቅ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ቅድሚያ የሚሸጥ ኩባንያ መጨናነቁን ለማስወገድ የሚገፋፋው ነገር ይቀንሳል። የደንቡ ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተቃዋሚዎቹም የሚሉት አላቸው። የድምፅ ጥሪ ከ100 ኪሎቢት በሰከንድ ብዙም የማይበልጥ አቅም ነው የሚወስደው፤ ነገር ግን ድምፁ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከፈጀ ንግግር መደራረብ ይጀምራል። ትልቅ ፋይል ግን ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም። ሁሉን ፓኬት አንድ ዓይነት ማየት ሁሉን አገልግሎት እኩል ማገልገል አይደለም ይላሉ፤ በዚህ ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። የማንም ይሁን የማን የድምፅ ጥሪ ሁሉ ቢቀድም ገለልተኛነት ብዙ አይጎዳም፤ የከፈለው ኩባንያ ጥሪ ብቻ ሲቀድም ግን ተወዳዳሪው በጥራት ሳይሆን በመስመር ይሸነፋል።

«አጓጓዥ» የሚለው የሕግ ምድብ ከየት መጣ?

ሕዝብን የሚያገለግል አጓጓዥ የሚባለው ለመጣው ሁሉ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ያለ አድልዎ፣ የተሰጠውን ሳይለውጥ የማድረስ ግዴታ ያለበት ድርጅት ነው። ሐሳቡ በእንግሊዝ የልማድ ሕግ ከጀልባ አሻጋሪዎችና ከጭነት አመላላሾች የጀመረ ነው። አሜሪካ በ1887 ለባቡር ድርጅቶች ሕግ አደረገችው፤ በ1910 ቴሌግራፍና ስልክ ተጨመሩበት። በ1934 የኮሙኒኬሽን ሕጉ ወጥቶ ኤፍሲሲ ሲቋቋም የስልክ ኩባንያዎች በሕጉ «ክፍል ሁለት» ሥር ገቡ። የዚህ ክፍል ምሰሶዎች ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 201 ዋጋና አሠራር ፍትሐዊና ምክንያታዊ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 202 ተገቢ ያልሆነ አድልዎን ይከለክላል።

ከዚያ የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መጣና ሁለት ሳጥኖች አበጀ። የመጀመሪያው «የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት» ነው፤ ተጠቃሚው የመረጠውን መረጃ፣ እሱ ወደመረጠው ቦታ፣ ቅርጹና ይዘቱ ሳይለወጥ ማስተላለፍ። ይህን ለሕዝብ የሚሸጥ አጓጓዥ ነው፤ ክፍል ሁለት ይገዛዋል። ሁለተኛው «የመረጃ አገልግሎት» ነው፤ መረጃን በቴሌኮሙኒኬሽን አማካይነት የማመንጨት፣ የማግኘት፣ የማከማቸት፣ የማቀናበር አቅም መስጠት። ይህኛው የአጓጓዥ ግዴታ የለበትም።

የኬብልና የፋይበር ኢንተርኔት የትኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል? ሕጉ በግልጽ አልተናገረም። የመረጃ አገልግሎት ነው የሚሉት አቅራቢው ከመስመሩ ጋር ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመነዝረውን ሥርዓት) እና ተደጋግመው የሚጠየቁ ገጾችን በቅርብ የማስቀመጥ አገልግሎት አብሮ እንደሚያቀርብ ይጠቅሳሉ። አጓጓዥ ነው የሚሉት ደግሞ ሰው ወር በወር የሚከፍለው ለመስመሩ ነው፤ ዲኤንኤስን ከሌላ ድርጅትም በነፃ ማግኘት ይቻላል ይላሉ። ክርክሩ በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ተቃውሞ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ፒዛን እስከ ደንበኛው ቤት የሚያደርስ ምግብ ቤት «እኛ ፒዛ እንሠራለን እንጂ የማድረስ አገልግሎት አንሰጥም» ማለት አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። ብዙኃኑ፣ 6 ለ 3፣ የወሰኑት ግን ሕጉ አሻሚ ስለሆነ የኤፍሲሲ አተረጓጎም ይከበር ብለው ነው። ኤፍሲሲ ያኔ የኬብል ኢንተርኔትን የመረጃ አገልግሎት ብሎት ነበር።

ታዲያ ደንቡ ለምን ይመላለሳል?

ኤፍሲሲ አቅራቢዎችን ከአጓጓዥነት ነፃ አድርጎ፣ የአጓጓዥን ግዴታ ግን ሊጭንባቸው በመሞከሩ ነው። ኮምካስትን በቢትቶረንቱ ጉዳይ በ2008 ጥፋተኛ አለው፤ የዋሽንግተን ዲሲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 «ሥልጣን የለህም» ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሌላ ደንብ አወጣ፤ ጃንዋሪ 2014 መዝጋትንና አድልዎን የሚከለክሉት ክፍሎች ወደቁ፤ የግልጽነት ግዴታው ብቻ ተረፈ። የፍርዱ አመክንዮ ቀጥተኛ ነበር። አጓጓዥ አይደሉም ብለሃል፤ አጓጓዥ ያልሆነን እንደ አጓጓዥ አገልግል ማለት አትችልም።

ስለዚህ የቀረው በር ምድቡን መለወጥ ነበር። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 በቶም ዊለር የሚመራው ኤፍሲሲ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ብሮድባንድን (ፈጣኑን የኢንተርኔት አገልግሎት) ወደ ክፍል ሁለት አስገባ፤ ዋጋ የመተመንን ሥልጣን ግን አልጠቀምበትም ብሎ ተወ። ፍርድ ቤት በ2016 አጸናው። አስተዳደሩ ሲለወጥ ዲሴምበር 14 ቀን 2017 በአጂት ፓይ ሊቀመንበርነት በዚያው 3 ለ 2 ድምፅ ተሻረ። ኤፕሪል 25 ቀን 2024 በጄሲካ ሮዘንወርሰል ጊዜ እንደገና 3 ለ 2 ተመለሰ። ኤፍሲሲ በሕጉ አምስት የኮሚሽነር መቀመጫዎች አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም፤ ዋይት ሐውስ እጅ በተለወጠ ቁጥር ሦስቱ የማን እንደሆኑም ይለወጣል።

ይህን መመላለስ የፈቀደው የሼቭሮን መርህ ነበር፤ ሕጉ አሻሚ ሲሆን ፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤቱን ምክንያታዊ አተረጓጎም ይቀበል የሚለው የ1984 መርህ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 28 ቀን 2024 ይህን መርህ ሻረ። ከዚያ ወዲህ የሕጉን ትክክለኛ ትርጉም የሚወስኑት ዳኞች ራሳቸው ናቸው። የሲንሲናቲው ፍርድ ቤት የ1996ቱን ሕግ በራሱ አንብቦ ብሮድባንድ የመረጃ አገልግሎት ነው አለ። የ2017ቱን ሽረት ቀጣዩ ኤፍሲሲ መልሶ ሊቀለብሰው ይችል ነበር፤ ይህ ውሳኔ ግን መሣሪያውን ከኤፍሲሲ እጅ ወሰደ። በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ በሚመጣ ምርጫ ኮሚሽነሮቹ ቢለወጡም ያለ ኮንግረስ አዲስ ሕግ ወደ ክፍል ሁለት መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ምድቡ ከሦስቱ ክልከላዎች ውጭ ለምን ያስፈልጋል?

በ2018 በካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ ሰደድ እሳት ሲነሳ የሳንታ ክላራ አውራጃ የእሳት አደጋ መምሪያ ዘመቻውን የሚመራበት ተሽከርካሪ ኢንተርኔት ከተለመደው ወደ 200ኛ እጅ ዝቅ አለ። ምክንያቱ የወሩ ዳታ መጠን ማለፉ ነበር፤ አቅራቢው ቬራይዘን በኋላ በአደጋ ጊዜ ገደቡን አለማንሳቱ ስህተት ነበር ብሏል። ይህ ጉዳይ የገለልተኛነት ጥሰት ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል። በጥብቅ ትርጉሙ አይደለም፤ የዘገየው ሁሉም ነገር እኩል ነው። የሚያገናኘው አንቀጽ 201 ነው። አቅራቢው አጓጓዥ ቢሆን ኖሮ መምሪያው «ይህ አሠራር ምክንያታዊ አይደለም» ብሎ ለኤፍሲሲ የሚያቀርበው መደበኛ አቤቱታ ይኖረው ነበር።

የምድቡ ተቃዋሚዎች የሚፈሩትም ይኸው ስፋቱን ነው። የ1934 ሕግ የዋጋ ቁጥጥርን ጨምሮ ብዙ አንቀጾች አሉት፤ ዛሬ «አልጠቀምበትም» የተባለውን ሥልጣን ነገ ሌላ ሊቀመንበር ሊያነሣው ይችላል፤ ለዓመታት የሚቀበር ፋይበር ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ ይህን ያሰላል ይላሉ።

አሁን ምን ቀረ?

በፌደራል ደረጃ መዝጋትን፣ ማዘግየትንና ቅድሚያ መሸጥን በስም የሚከለክል ደንብ የለም። የግልጽነት ግዴታው አለ። የፌደራል ንግድ ኮሚሽንም ደንበኛን ያታለለ አቅራቢን መክሰስ ይችላል፤ ኤቲ ኤንድ ቲ «ያልተገደበ» ያለውን ዳታ በማዘግየቱ ተከሶ በ2019 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህ መንገድ ግን የሚሠራው አቅራቢው ቃሉን ሲያፈርስ ነው። «ቪዲዮ እናዘገያለን» ብሎ በውሉ በግልጽ ከጻፈ አታለለ አይባልም።

ጠንካራው ጥበቃ ያለው በክፍላተ ግዛቶች ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ2018 የራሷን ሕግ አወጣች፤ ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ሰፋ ያለ ሕግ አጸደቀች፤ የራስን አገልግሎት ከዳታ ሂሳብ ውጭ እያደረጉ ተወዳዳሪን መጉዳትንም ይከለክላል። አቅራቢዎች ከሰው በ2022 ተሸነፉ። የኒውዮርክ ጉዳይ የበለጠ አስገራሚ ነው። ግዛቲቱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ኢንተርኔት በወር 15 ዶላር እንዲቀርብ አዘዘች። ፍርድ ቤቱ በ2024 ሕጉን ሲያጸና የሰጠው ምክንያት፣ ኤፍሲሲ ብሮድባንድን ከክፍል ሁለት ሲያወጣ ዋጋን የመቆጣጠር ሥልጣኑን ስለተወ ግዛቶችን ሊከለክል አይችልም የሚል ነው። አቅራቢዎች ከአጓጓዥነት ለመውጣት ሲከራከሩ ከሁሉ በላይ ሊያመልጡት የፈለጉት የዋጋ ቁጥጥር በዚያው በር ገባባቸው።

መስመሬ ላይ አድልዎ መኖሩን እንዴት አውቃለሁ?

አንድ የፍጥነት መለኪያ አይበቃም። አቅራቢው የታወቁ የፍጥነት መለኪያዎችን ለይቶ ሊያሳልፍ ይችላል። በመጀመሪያ በኬብል በቀጥታ ይገናኙ፤ ዋይፋይ ራሱ የሚፈጥረው መዘግየት ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ የሚጠራጠሩትን አገልግሎት ፍጥነት በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ በቪፒኤን ይለኩ። ቪፒኤን መድረሻውን ከአቅራቢው ስለሚሸፍን፣ በእሱ በኩል ደጋግሞ ከፈጠነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቪፒኤኑ በሌላ፣ ባልተጨናነቀ መጋጠሚያ ሊያልፍ ይችላል፤ የኔትፍሊክሱ ዓይነት ችግርም እንዲሁ ነው የሚታየው።

የተሻለው ዘዴ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ዌሄ የተባለው መተግበሪያ የሚጠቀምበት ነው። ከአንድ ታዋቂ አገልግሎት ቀድሞ የተቀዳን የመረጃ ፍሰት ይልካል፤ ቀጥሎ ያንኑ ፍሰት በመጠኑና በጊዜው ሳይለውጥ ይዘቱን ብቻ አዛብቶ ይልካል። መድረሻው አንድ ስለሆነ ልዩነት ከታየ አቅራቢው ይዘቱን እያየ ያበላልጣል። በጠዋት፣ በቀትርና ሰው በሚበዛበት ምሽት፣ በተለያዩ ቀናት ይድገሙት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ውጤቱን ይመዝግቡ።

ከዚያ ውጤቱን ከ2024 ጀምሮ በአሜሪካ ያሉ አቅራቢዎች ጥቅል ሲሸጡ ማሳየት ካለባቸው መለያ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። መደበኛው ፍጥነት፣ የመዘግየት መጠኑ፣ የዳታ ገደቡና ወደ ኔትወርክ አስተዳደር ፖሊሲው የሚወስደው ማገናኛ እዚያ ላይ ናቸው። የለኩት ከተጻፈው የሚጣረስ ከሆነ አቤቱታው ለኤፍሲሲ የተጠቃሚዎች አቤቱታ ክፍል ወይም ለግዛትዎ ዐቃቤ ሕግ ይቀርባል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆኑ የግዛቱን ሕግ ጠቅሰው ለዐቃቤ ሕጉ ቢጽፉ ይሻላል።